አንቲረስት ያልተቀባው ትራክተር

የአንጁሎን ሞት ማንም አልነገረኝም፤ አጠገቡ ነበርኩ። የሆስፒታሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጁን ይዤ ነበር። እሱ የመስኮቱን ብረት ያያል። ቀለሙ የተላጠ፣ ዝገቱ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ያለ አሮጌ ፍርግርግ ነበር። «ሎኦ» አለ። በወላይትኛ «ጥሩ ነው» ማለት ነው። ነርሷ ሕመሙ የቀለለለት መስሏት ፈገግ አለች። እኔ ግን ምን እያየ እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ይኸው ሰባት ወር ሆነው። መጻፍ የጀመርኩት በሦስተኛው ወር ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ወረቀቱን አውጥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እድሜዬን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሌላ ሰው ለሁለት ሰዓት የተናገረውን በአራት መስመር ማስገባት አያስቸግረኝም። የአንጁሎን ነገር ለማሳጠር ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ከገሱባ ተዛውሮ ሶዶ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የመጣ ቀን ነው። ንብረት ክፍል ተመደበ። ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ፣ ጠጉሩ ከእድሜው ቀድሞ የሸበተ ሰው ነው። በአምስት ዓመት ብቻ ቢበልጠኝም ሽበቱን አይቼ «ጋሽ አንጁሎ» አልኩት፤ ከተጋባን በኋላም አፌ ከዚያ አልተመለሰም። የስቶሩን ቁልፍ ሲረከብ ሌላው ሰው መጀመሪያ መዝገቡን ያገላብጣል። እሱ ቁልፉን ራሱን በመስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። «ይቺ ብዙ እጅ አይታለች» አለና ኪሱ ከተተው። የሚያስረክበው ሰው ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን አጠበበ። ምን ዓይነት ሰው ላኩብን ማለቱ ነበር።

ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ጓሮ አለ። ጓሮ ይባል እንጂ ጎመን የበቀለበት ጊዜ የለም። ጎማው የወለቀ ትራክተር፣ ሁለት የውኃ ፓምፕ፣ ከገሱባ ተጭኖ የመጣ የወፍጮ ሞተር፣ በርሜሎች፣ መሳቢያቸው የማይከፈት የፋይል ካቢኔቶች፣ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ የተፈታ በር፣ ሁሉም እዚያ ተጥለዋል። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ዝናብና ጉም በየዓመቱ ይመጣባቸዋል። ሣሩ በትራክተሩ መሪ ውስጥ በቅሎ ይወጣል። እኛ መስኮታችንን በዚያ በኩል አንከፍትም ነበር።

እነዚህን እቃዎች ለማስወገድ በየጥቂት ዓመቱ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሰብሳቢው ኃላፊያችን አቶ መስፍን ናቸው፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ የንብረት ሠራተኛው በሥራው ምክንያት አባል ይሆናል። ደንቡ እያንዳንዱ እቃ በዝርዝር እንዲጻፍ፣ ፎቶ ተነሥቶ አባሪ እንዲደረግና ወደ በላይ መሥሪያ ቤት እንዲላክ ያዛል። ድሮ ፎቶውን የሚያነሳው ዘበኛው ነበር፤ በስልኩ፣ በቀትር ፀሐይ፣ እየተራመደ። ትራክተሩም በርሜሉም አንድ ዓይነት ጥቁር እብጠት ሆነው ይወጣሉ። ምንም ስለማይታይ ማንም ምንም አይጠይቅም። ፋይሉ ሄዶ ሳይመለስ ይቀራል፤ እቃውም እዚያው ይቀራል።

ጋሽ አንጁሎ ደንቡን አነበበ። «ፎቶው የእቃውን ይዞታ በግልጽ የሚያሳይ መሆን አለበት ይላል» አለ።

«ይላል» አሉ አቶ መስፍን፣ ሌላ ወረቀት እየፈረሙ።

«እንግዲያው በግልጽ አሳያለሁ።»

ከኮሙኒኬሽን ክፍል ካሜራ ተዋሰ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ ወር ፈጀበት። አንድ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ለማየት የጓሮውን መስኮት ስከፍት በርሜል ፊት ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። ፀሐይዋን እየጠበቅኩ ነው።»

«ፀሐይዋማ ወጥታለች።»

«ለኛ ወጥታለች። ለበርሜሏ ገና ናት።»

ሳቅኩበት። ግን መስኮቱን አልዘጋሁትም። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ በርሜሉ ላይ ወደቀ። ቡናማ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ነገር ሌላ ሆነ። እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ አለበት፤ ከሥሩ ጥቁር፣ ከዳሩ ደግሞ የቦዲቲን መንገድ አፈር የሚመስል ቀይ። እኔ ለስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም። እሱ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ሎኦ፣ ሎኦ» ይላል፣ ጥሩ እንደሚበላ ልጅ እያበረታታው።

ሲጮህ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዘበኛው ሊያግዘው ብሎ የፒክአፑን በር በላምባ በተነከረ ጨርቅ መወልወል ጀመረ። ጋሽ አንጁሎ ከጓሮው ጫፍ ሮጦ መጣ።

«አትጥረግ! አትጥረግ አልኩህ! ስንት ዓመት የሠራችውን በአንድ ጨርቅ ታጠፋታለህ?»

ዘበኛው ደነገጠ። «ጋሼ፣ ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ቆሻሻ አይደለም። ና፣ ቁጠር። ይቺ ነጭ፣ ከሥሯ ሰማያዊ፣ ከሥሯ አረንጓዴ። ሦስት ኃላፊ ሦስት ቀለም ቀብቷታል። ዝናቡ ነው ሦስቱንም አንድ ላይ ያሳየን።»

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ከዚያ ቀን በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን ያስቆጥር ጀመር።

በዚያው በር አጠገብ ነው ስለ አባቱ የነገረኝ። እኔ ሻይ ይዤለት ወጥቼ ነበር። «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር» አለኝና ፊቴን አየ። ለምን እንዳየኝ የወላይታ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዘመን ቀጥቃጭ የሠራውን ማረሻ የማይፈልግ ገበሬ የለም፤ ቀጥቃጩን ግን ቤቱ አስገብቶ አብሮ የሚበላ አልነበረም። እኔ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ሶዶ ከተማ ነው፤ ግን እኔም እንዲህ ያለውን ወሬ ስሰማ ነው ያደግሁት። ሻዩን ሰጠሁትና ቀጥል አልኩት።

«አባቴ ብረት በቀለም ነው የሚያነበው» አለኝ። «ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ቀለሟን ታሳያለች። ቀይ፣ ብርቱካን፣ ነጭ። ስትወጣና ስትቀዘቅዝ ትደብቃለች። ስትዝግ ደግሞ እንደገና ታወጣዋለች። አባቴ ያስተማረኝ በእሳት ነው። እኔ እሳት የለኝም፤ ዝናብ ነው ያለኝ።»

ፋይሉ ተዘጋጅቶ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ የማስወገድ ፋይል መልስ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤውን በስብሰባ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከአባሪው ፎቶግራፍ እንደሚታየው ትራክተሩ፣ ፓምፖቹና የወፍጮው ሞተር በቅርቡ አንቲረስት የተቀቡና በጥሩ ይዞታ ላይ ያሉ መሆናቸው ተረጋግጧል ይላል። አንቲረስት ብረት እንዳይዝግ የሚቀባው ቀይ ቡናማ ቀለም ነው፤ በየብረታ ብረት ሱቁ በቆርቆሮ ይሸጣል። ዝገቱ የዝገት መከላከያ መስሏቸዋል።

አቶ መስፍን ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተኗቸው።

«አንጁሎ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ትራክተሯ ናት።»

«ትራክተር መሆኗማ አልጠፋኝም! ሙሽራ አስመሰልካት እኮ! ሰውዬ፣ እኛ አስወግዱልን አልን፣ አንተ ዳሩልን ያልን አስመሰልከን!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ የቆመው እኔ የመጨረሻውን አንቀጽ ሳነብ ነው። ሰው ደህናውን የመንግሥት ንብረት አድሶና ቀብቶ ብልሹ ነው በማለት ለማስወገድ የሚጠይቀው ከገዥ ጋር ቢመሳጠር ነው፤ ስለዚህ የንብረት ሠራተኛው ከሥራ ታግዶ ነገሩ ይጣራ ይላል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የስቶሩን ቁልፍ አስረከበ።

ወሬ ሻይ ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። «የቀጥቃጭ ልጅ ብረት ሲያይ እጁ ዝም አይልም» ያለ ሰው ነበር። ማን እንዳለው አውቃለሁ፤ አሁን ምን ያደርጋል። ጋሽ አንጁሎ በሩ ላይ ደርሶ ሰምቶታል። ሻዩን አዝዞ ጠጥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በሥራ መግቢያ ሰዓት ይመጣል። ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጫማው ተጠርጎ፣ ከግቢው በር ውጭ ይቆማል። መግባት አይፈቀድለትም። «ምን ያደርጋሉ እዚህ?» ስለው «ታገድኩ እንጂ አልጠፋሁም። የሚፈልገኝ ካለ እዚህ ነኝ» አለኝ።

አቶ መስፍን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠሩኝ። «አስካለ፣ ለዚህ ሰው አንድ መውጫ አለ» አሉኝ። «ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ቀለም ጨምሬ አሳምሬያቸዋለሁ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ ይፈርም። ማስጠንቀቂያ እንሰጠዋለን። ዘበኛው በስልኩ እንደ ድሮው ያነሳል፣ እንልካለን፣ ያልቃል። አንቺ አማርኛ ታውቂያለሽ፤ አርቅቂለት።»

አረቀቅኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያ የሚሻል መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንደዚያ የተጨነቅኩበት የለም። ትሕትናው ልክ፣ ይቅርታው ልክ፣ አንድም ቃል የማይጎረብጥ። በሩ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት።

«ጋሽ አንጁሎ፣ አንዲት ፊርማ ናት» አልኩት።

«እኔ ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም፣ አስካለ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ካወቅሽ ለምን ጻፍሽ?»

«ከሥራ እንዳይባረሩ ነዋ! ሰው ስለ በርሜል ብሎ እንጀራውን ያጣል?»

ወደ ጓሮው አቅጣጫ አየ። ከበሩ ጓሮው አይታይም። «አባቴን ብዙ ብለውታል» አለ ቀስ ብሎ። «አብራችሁ አትብሉ ብለዋል። ዓይኑ ያስፈራል ብለዋል። ሌባ ግን ብለውት አያውቁም። ዋሾም ብለውት አያውቁም። ይሄን ብፈርም ሁለቱንም በእጄ ሰጠኋቸው ማለት ነው።» ደብዳቤውን ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግሥቱ መለሰልኝ። አልፈረመም። በጀርባው በእርሳስ፣ በዚያ ዘንበል ባለ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ደብዳቤሽ ቆንጆ ናት፤ ግን እውነት አይደለችም። የኔ ፎቶ ሁለቱም ናት።»

ወረቀቱን ይዤ ቢሮዬ ተመለስኩ። ተቀመጥኩ፤ አነበብኩት፤ እንደገና አነበብኩት። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ተነሥቼ የአቶ መስፍንን በር አንኳኳሁ።

«አልፈረመም» አልኳቸው። «ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈረመም ብዬ እጽፋለሁ። ባለሙያ መጥቶ እቃዎቹን በዓይኑ ይይልኝ ብሎ መጠየቁንም እጽፋለሁ።»

«እንደዚያ ብሎ ጠይቋል?»

«አሁን ሄጄ አስጠይቀዋለሁ።»

አቶ መስፍን ብዙ አጉረመረሙ። አንቺም ከሱ ጋር ዛግሽ እንዴ አሉኝ። ጻፍኩት፤ ጠየቀ፤ ተላከ።

ኦዲተሯ የመጣችው በክረምቱ መጨረሻ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ጃንጥላዋን እንደ ዱላ የምትይዝ ሴት ናት። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ጋሽ አንጁሎ ለዚያ ቀን ብቻ እንዲገባ ተፈቀደለት። በማለዳ ገብቶ እያንዳንዱን ፎቶ በቀጭን ሽቦ በየእቃው ላይ አሥሮታል። ከእያንዳንዱ እቃ ፊት ደግሞ አንድ አንድ ድንጋይ አስቀምጧል።

«ድንጋዩ ምንድን ነው?» አለች ኦዲተሯ።

«እኔ የቆምኩበት ነው። እርስዎም እዚያ ይቁሙልኝ። እባክዎ እስከ ሦስት ሰዓት ይታገሡኝ።»

«ለምን?»

«ፎቶዋን ያነሳሁት በሦስት ሰዓት ነው። አሁን ቢያዩ አይመሳሰሉም። ዋሽቷል ይላሉ።»

አቶ መስፍን አላስቻላቸውም። «አንጁሎ! መንግሥት ፀሐይ አይጠብቅም!»

«እኔ እጠብቃለሁ» አለች ኦዲተሯ። «ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ ወንበር አምጡልኝ።»

ወንበር ወጣላት። ጓሮው ውስጥ ተቀመጠች። እኛም ቆምን። ሠራተኛው በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ። ጉሙ ከዳሞታ በኩል እየሳሳ መጣና ብርሃኑ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ውስጥ ወረደ። ትራክተሩ ጋ ሲደርስ ኦዲተሯ ራሷ ተነሥታ ድንጋዩ ላይ ቆመች።

ፎቶውን አየች። ትራክተሩን አየች። እንደገና ፎቶውን። ወደ ፊት ሄዳ በአውራ ጣቷ ከጎማው ቦታ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ አሸት አደረገች፤ ጣቷ ቀላ። ጣቷን አሸተተችው። ከዚያ የጃንጥላዋን ጫፍ ፓራፋንጎው ላይ አድርጋ ገፋ ስታደርገው ጃንጥላው ያለ ድምፅ ገብቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ።

ጃንጥላዋን መልሳ አወጣች።

«ይሄ አንቲረስት አይደለም» አለች።

«አይደለም፣ እመቤቴ።»

«የተበሳ ነው። የተበላ ነው።»

«የተበላ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ የሚያምረው ለምንድን ነው?»

ጋሽ አንጁሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔም ስለማላውቅ ነው ያነሳሁት።»

ሥራዋ እዚያ አልቆ ነበር፤ አንዱን ማየት ይበቃታል። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ድንጋይ ሄደች። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሁሉም ላይ ቆመች። ዘበኛው ተከትሏት የፒክአፑን በር ቀለም አስቆጠራት። «ይሄን አረንጓዴ አውቀዋለሁ» አለች። «ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተሳፈርኩባት መኪና ቀለሟ ይሄ ነበር።» ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ።

በዚህ መሐል ጓሮው ሞልቷል። ሠራተኛው ወጥቷል፤ በየኮሪደሩ ጉዳይ ሊያስፈጽም የተቀመጠው ባለጉዳይም ሁሉ ወጥቷል። ከኦፋ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት የወፍጮው ሞተር ፊት ደርሰው ድንጋዩ ላይ ቆሙ። ፎቶውን አዩ፤ ሞተሩን አዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ የገሱባዋ ወፍጮ አይደለችም እንዴ? ስንት ቀበሌ በሷ ሲያስፈጭ! ጩኸቷን እኮ ከሩቅ ነበር የምንሰማው።»

«እሷ ናት፣ እናቴ» አላቸው ጋሽ አንጁሎ።

«እኔ እኮ አርጅታ የሞተች መስሎኝ ነበር። እንዲህ አምሮባት እዚህ ተቀምጣለች?»

ጓሮው በሳቅ ፈነዳ። አቶ መስፍንም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ገበያ ይዞር ጀመር። ይሄኛው ፓምፕ የኛ ቀበሌ ነበረች ይላል አንዱ፤ በዚያ በርሜል አባቴ ናፍጣ ያመላልስ ነበር ይላል ሌላው። ሻይ ቤት ያንን ነገር የተናገረው ሰውም ድንጋይ ላይ ቆሞ ሲያይ አየሁት። ብዙ ቆየ። ጋሽ አንጁሎ አጠገቡ ሄዶ «ትንሽ ወደ ግራ በል፣ ጥላህ ወድቆባታል» አለው። ሰውየው ወደ ግራ አለ።

የኦዲተሯ ደብዳቤ በሁለት ሳምንት ደረሰ። እኔው አነበብኩት። ንብረቶቹ ሙሉ በሙሉ ከአገልግሎት ውጭ ናቸው፤ ፎቶግራፎቹም ትክክለኛ ናቸው፤ ሠራተኛው ምንም ጥፋት ስላልተገኘበት ወደ ሥራው ይመለስ ይላል። ወደፊትም የየወረዳው የንብረት ክፍል ፎቶ ሲያነሣ ይዞታው በዚህ ዓይነት በግልጽ እንዲታይ ያዛል።

«እስቲ መሐከለኛዋን ድገሚያት» አለኝ ጋሽ አንጁሎ።

«ፎቶግራፎቹም ትክክለኛ ናቸው።»

«በቃ» አለ። ብዕር ጠየቀና የማስወገጃ ቅጹን ፈረመ። በጨረታ ያሸነፈው ሰው የጭነት መኪና ይዞ ሲመጣ ያለቅሳል ብለን ጠብቀን ነበር። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሲጭን ዋለ። «አይቆጭዎትም?» ስለው «ምን ይቆጨኛል? ሳናያቸው አልሄዱም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ለንብረት ሠራተኞች እንዲያሳይ አረካ፣ ቦምቤ፣ ገሱባ ይላኩት ጀመር። ገሱባ ሲሄድ አዲስ ኮት ገዛ። አባቱ ማረሻ ይዘው ይቆሙበት የነበረ ገበያ አጠገብ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው ሥልጠናውን የሰጠው። ከሥልጠናው በኋላ የወረዳው ሰዎች ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉት። ሲነግረኝ ምግቡን አልነገረኝም። «በአንድ ትሪ ነው የበላነው» ብቻ ነው ያለኝ።

በተከታዩ ዓመት ተጋባን። ከዘመዶቼ ሠርጉ ላይ ያልመጡ ነበሩ፤ የመጡትን እቆጥራለሁ። ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ከሱ ጋር መንገድ መሄድ መከራ ነው። አንድ ጊዜ ለሰው ሠርግ ቦምቤ ስንሄድ ገና ከግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ድንገት «ወራጅ አለ!» አለ። የሀገር ልብስ ለብሼ፣ ጫማዬ ሹል፣ ጭቃ ላይ ወረድን። የአንድ ኪዮስክ ጣሪያ አይቶ ነው። ቆርቆሮው ሚስማሩ ባለበት ሁሉ እንደ እንባ ቁልቁል ወርዶ ዝጓል። የኪዮስኳ ባለቤት ሊያፈርሱብኝ ነው ብላ ተሯሩጣ ወጣች። ፎቶውን ሲያሳያት «ይሄ የኔ ነው?» አለች። ባልዋን ጠራች። ጎረቤት ጠራች። ቦምቤ ስንደርስ ሙሽሮቹ ሄደዋል። እኔ ተቆጥቼ ነበር፤ ግን ያቺ ሴት ጣሪያዋን ቀና ብላ ስታይ የነበራት ፊት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን ወደ ቀብሩ ልለፍ።

በእኛ ሀገር ቀብር ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። እንድጽፈው የተነገረኝ እኔ ነኝ። ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠ፤ አዝኖልኝ ነው፣ ክፋት የለውም።

«የንብረት ሠራተኛ ከምትይ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ በይው» አለኝ። «አሁን ማን ያጣራል?»

«እኔ» አልኩት።

«የአባቱን ሥራ ደግሞ ምን ያስነሣዋል? ገበሬ በይና እለፊው። እዚያ የሚቆመው የኛም ዘመድ ነው እኮ፣ አስካለ።»

ዓይኔ በእንባ አብጦ መስመሩ አይታየኝም ነበር። ቢሆንም ጻፍኩት። የንብረት ሠራተኛ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ ብዬ ጻፍኩ። ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ እንዲፈርም ተጠይቆ አልፈረመም፤ ፎቶግራፎቹም ትክክለኛ ሆነው ተገኙ ብዬ ጻፍኩ። ከአንድ ገጽ አልበለጠም።

ማን ያንብበው ሲባል የቀብር አስተባባሪዎቹ የቀድሞ አለቃው ይሁኑ አሉ። አቶ መስፍን ጡረታ ወጥተው ከዘራ ይዘዋል። ወረቀቱን አስቀድመው አላዩትም። እኔም ስጽፍ እሳቸው ያነቡታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በዚያ የስብሰባ ድምፃቸው ጀመሩ።

«አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ» ሲሉ ከኋላ፣ ከአጥሩ አጠገብ ለብቻቸው የቆሙ ሰዎች ቀና አሉ። ከገሱባ የመጡ የአባቱ ወገኖች ናቸው። ማንም ሳይጠራቸው ሕዝቡን አልፈው ወደ ፊት መጡና ከመቃብሩ ዳር፣ ከኛ ጋር ቆሙ። ወንድሜ ቦታ ለቀቀላቸው።

አቶ መስፍን ቀጠሉ። ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ እንዲፈርም ተጠይቆ የሚለው መስመር ላይ ደርሰው ቆሙ። ሰው ድምፃቸው የጠፋ መስሎት ውኃ አቀበላቸው። ውኃውን በእጃቸው መለሱት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን እንደጠየቀው እዚህ አልተጻፈም» አሉ። «ባለቤቱ ጨዋ ስለሆነች ነው። የጠየቅኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። መስመሩን ከመጀመሪያው ደገሙት፤ በዚህ ጊዜ ስማቸውን ከነአባታቸው ጨምረው፣ ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብለው፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበቡ።

ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው፣ መቃብሩ ዳር ቆመው፣ ወረቀቱን በመዳፌ ላይ አስደግፈው በመስመሩ መሐል ስማቸውን ጻፉበት። እኔ ደፍሬ ያልጻፍኩት ያ ስም ነበር። አሁን ወረቀቱ ሙሉ ነው። አጣጥፌ ያዝኩትና ከገሱባ ከመጡት ሴቶች ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ አልቅሰን ሳንጨርስ፣ ቀና ብለን ወጣን።